ኢምፔሪያሊዝም የነበረው ጉደታ

ጉደታ ከሰባ ጊዜ በላይ ተሸንፏል፤ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተሸነፈባቸውን ሲያወራ ሰው ያስቃል። ያሸነፈባት አንዷ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ በሩ ያያል። ደርግ ከወደቀ ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ወደ በሩ ያያል።

የቡልቡላ ልጅ ነው። በ1975 ዓ.ም. ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ናዝሬት ውስጥ እህል መጋዘን ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ይሠራል፤ ሻሼን ካገባ ገና ስምንት ወሩ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሆራ ቀደም ብሎ ለሚሊሺያ ተወስዷል። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ሲታወጅ ጉደታ ቀጥሎ የሚጠራው የማን ስም እንደሆነ አልጠፋውም። የቀበሌ ጠባቂ ባየ ቁጥር ኩንታሉን እንደተሸከመ መንገድ ይቀይር ጀመር። አንዳንድ ቀን መጋዘኑ የሚደርሰው ከተማውን ግማሽ ዞሮ ነው።

መጋዘኑ ድረስ መጥቶ ያገኘው ጓድ አምባዬ ነበር፣ የከተማው ኪነት ቡድን ኃላፊ። አምባዬ ድሮ የጂምናስቲክ አስተማሪ የነበረ፣ አጭር፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ የማይጠፋ ሰው ነው። በቆመበት ጉደታን ከእግር እስከ ራስ ለካው።

"ስንት ትሸከማለህ?"

"ኩንታል ብቻዬን።"

"መውደቅስ ትችላለህ?"

"መውደቅ ማንን ያቅተዋል፣ ጓድ?"

"ብዙ ሰው። ታየዋለህ። ከዘፈኖቹ መሃል የትግል ትርዒት ላስገባ ነው። ሰፊው ሕዝብ ከኢምፔሪያሊዝም ጋር ይታገላል። አንተ ኢምፔሪያሊዝም ትሆናለህ።"

ጉደታ ግራ ቀኙን አየ። "እሱ... አያስቀጣም?"

"ካሸነፍክ ነው የሚያስቀጣው" አለና አምባዬ ሳቀ። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ሳቁን ትቶ፣ "በቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው ስሙ ከውትድርናው ዝርዝር ወደ ጎን ይቀመጣል። ወደ ጎን ነው ያልኩህ። ተሰረዘ አላልኩም" አለው።

በማግስቱ ጉደታ ኢምፔሪያሊዝም ሆነ።

ከፍራሽ ጨርቅ የተሰፋ ባለመስመር ሱሪ አጠለቁለት፣ ከካርቶን የተሠራ ረጅም ባርኔጣ ደፉበት፣ ደረቱ ላይ በቀለም የዶላር ምልክት ጻፉበት። ሰፊው ሕዝብ የሆነው አብተው ነው፤ መልከ መልካም ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ክብደቱ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ብዙም የማይበልጥ። ይህ ሰው ጉደታን ከራሱ በላይ አንስቶ መጣል ነበረበት። እንዴት ይሆናል? ብልሃቱ ያለው የሚወድቀው ዘንድ ነው። አብተው የጉደታን አንጓ ይይዝና ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደርጋል። ያኔ ጉደታ በጉልበቱ ሸብረክ ብሎ ራሱ ይዘላል፣ መዳፉን አብተው ዳሌ ላይ አስደግፎ ራሱን በአየር ላይ ይገለብጣል፣ አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ ገለባ በተሞላው ፍራሽ ላይ ጧ ብሎ ያርፋል። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመደው ይህንኑ ነው። አብተው ደግሞ የተለማመደው እግሩን ጉደታ ደረት ላይ አሳርፎ ጡጫውን ወደ ላይ ማንሳት ነው። መውደቅን አልተማረም። ለምን ይማራል? ሰፊው ሕዝብ አይወድቅም።

ከሞጆ እስከ አርሲ ነገሌ፣ ከወንጂ እስከ መተሐራ ዞሩ። ልጆች የበቆሎ ቆረቆንዳ ወረወሩበት፣ አሮጊቶች ረገሙት። ሕዝቡ "ኩፊሲ! ኩፊሲ!" እያለ፣ በኦሮምኛ ጣለው ማለቱ ነው፣ ለአብተው ይጮህለታል። በቡልቡላ ግን የገዛ አጎቱ ከመሃል ብድግ ብለው፣ "ጉደታ! ይህን ሥጋ የሌለው ልጅ መጣል እንዴት ያቅትሃል? ተነስ እንጂ!" ብለው ጮሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ብቻ አልሳቀም፤ አጎትየውን ትርዒቱ እስኪያልቅ ሲያያቸው ቆየ። ጉደታ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሎ እሳቸው እስኪቀመጡ መተንፈስ አቅቶት ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሚያዝያ 1976 ደረሰ። መተሐራ ላይ ወባ ያዘውና ሦስት ሳምንት ተኛ። ሲነሳ የፍራሽ ጨርቁ ሱሪ ከወገቡ ይንሸራተት ነበር። አምባዬ ልምምዱን አስቁሞ ዙሪያውን ዞረው።

"ይሄ ነው ኢምፔሪያሊዝም? ይሄ እርዳታ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው! ሕዝቡ ይህን ለመጣል ትግል ያስፈልገዋል?"

"ወባ እኮ ነው፣ ጓድ። ይመለሳል ሥጋው።"

"መቼ? ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አምስት ወር ነው የቀረን። ሞጆ ላይ አንድ ጫላ የሚባል ሥጋ ተሸካሚ አይቻለሁ። አንገቱ ከትከሻው አይለይም።"

ሌላ ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። ጉደታ ከልምምዱ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ገበያው ሄደ።

ከገበያው ጀርባ ዘርፉ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ መርፌ ይወጋሉ። በጅቡቲ ባቡር ተደብቆ ከሚገባው ዕቃ መሃል ለእሳቸው የሚደርስ መድኃኒት አይጠፋም ነበር። ጉደታ ሲነግራቸው ከሣጥን ውስጥ አንድ ብልቃጥ ሮዝ ክኒን አወጡ።

"ይሄ ለከሱ ሕፃናት ማወፈሪያ ተብሎ የመጣ ነው። አንተ ስንት ሕፃን ታክላለህ?"

"ስድስት እሆናለሁ፣ ጋሽ ዘርፉ።"

"እንግዲያው ስድስት ጠዋት፣ ስድስት ማታ። በየሳምንቱ ደግሞ ይቺን ዘይት መሳይ መርፌ እወጋሃለሁ። የወንድ ሆርሞን ነው። ሥጋ ብላበት፣ እንቁላል ብላበት።"

"ጉዳት አለው?"

ዘርፉ ሲሪንጋውን ከፈላው ውሃ እያወጡ፣ "ከሰሜን ይሻላል" አሉት።

ሥጋው ተመለሰ። ከዚያም አለፈ። በስድስት ሳምንት አንገቱ ወፈረ፣ ሸሚዙ ብብቱ ላይ ተተረተረ፣ የመጋዘን ጓደኞቹ "ምን እየቀለበችህ ነው ሻሼ? የእኛንም ሚስቶች ታስተምርልን እንጂ!" ይሉት ጀመር። አምባዬ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ "አሁን ገና አስፈራኸኝ!" አለው። ሌላው ግን ለማንም የማይነገር ነበር። ጀርባው በብጉር ተሞላ። ጡቱ ሥር እንደ ሽምብራ ያለ ነገር በቀለና ጨርቅ ሲነካው ያመዋል። ከሚስቱ ጋር ሲተኛም እንደ ድሮው አልሆን አለ። ዝም ብሎ በተቀመጠበት ልቡ ዳገት እንደወጣ ሰው ይደልቃል፤ ሻሼ ሳህን ስታስቀምጥ እንኳ ኳኳታው ያናድደዋል።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ የጓዳው በር አልከፈት አለው። ሁሌም የሚይዝ በር ነው፣ ትንሽ ከፍ አድርገው ሲስቡት ይከፈታል። ጉደታ ግን ከነማጠፊያው ነቀለው። ነቅሎ ሲዞር ሻሼ ጥግ ላይ መቀመጫ ዱካ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፣ እንደ ጋሻ።

"ምን ሆንሽ? አንቺን ምን አልኩሽ?"

"ምንም አላልከኝም።"

"ታዲያ ዱካውን አስቀምጪዋ።"

"በሩን መጀመሪያ አንተ አስቀምጠው" አለችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሻሼ ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነበር። ጉደታ ይህን አየ። እሷ ዘንድ ለመቅረት ብሎ የሚወጋው መርፌ እሷን ግድግዳ ላይ እንደለጠፋት ገባው። ግን ምን ያድርግ? መርፌውን ቢተው ሥጋው ይሄዳል፣ ሥጋው ከሄደ ጫላ ይመጣል፣ ጫላ ከመጣ ወደ ጎን የተቀመጠው ስም ወደ ቦታው ይመለሳል።

በሐምሌ መጨረሻ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። ዘርፉ ዓይኑን ገልጠው አዩት፣ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያውን አሰሩ፣ ነፉ፣ እንደገና ነፉ።

"በቃ። ዛሬውኑ ታቆማለህ።"

"መስከረም ሁለት በዓሉ እኮ ነው፣ ጋሽ ዘርፉ። እስከዚያ ብቻ።"

"ልብህ በዓል አያውቅም!"

"አምስት ሳምንት። በሞቴ።"

ሽማግሌው ተቆጡ፣ ከበሩ ውጭ ገፈተሩት፣ ሲመለስ ግን ወጉት። ልጃቸው የጉደታ እኩያ ነበር፤ እሱም ዝርዝር ውስጥ አለ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መቂ ሄዱ። ከክፍለ ሀገር አንድ እንግዳ ጓድ ለበዓሉ የሚቀርበውን ሊመርጡ መጥተዋል ተባለ። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊ ካኪ የለበሱ፣ እግራቸውን ያነባበሩ፣ በዘፈኑ እጃቸው የማይንቀሳቀስ ሰው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተፋፍጎ ይጮሃል። ጉደታ የዚያን ቀን ጠዋት ተወግቶ ነው የወጣው።

ሁሉም እንደ ወትሮው ሄደ። ጉደታ ተጎማለለ፣ ሕዝቡ ጮኸበት። አብተው በጥፊ ባርኔጣውን ማስወለቅ ነበረበት፤ በየከተማው የሚያደርገው ነው። ያን ዕለት ግን መዳፉ ካርቶኑን ስቶ ጆሮው ላይ አረፈ። ጉደታ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያስታውሰው የሰው ታሪክ እንደሚያስታውስ ነው። ሁለት እጆች አብተውን ከወገቡ አነሱት፣ ከካርቶን ባርኔጣው በላይ አወጡት፣ ወረወሩት። አብተው መውደቅ አያውቅም አላልኳችሁም? እጁን ዘርግቶ ወደቀ። አንድ ደረቅ ነገር ሲሰበር እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ።

ጭብጨባ የለ፣ ጩኸት የለ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ብቻ። ከኋላ አንድ ሰው ረስቶት ሁለት ጊዜ አጨበጨበና ጎኑ ያለው ሲጎሽመው ተወ። ኢምፔሪያሊዝም መሃል ላይ ቆሟል፤ ሰፊው ሕዝብ ወለሉ ላይ ያቃስታል።

አምባዬ ማይክራፎኑን ነጠቀ። "ጓዶች! ይህ... ይህ ጊዜያዊ ማፈግፈግ ነው! ትግሉ መራራ መሆኑን... ዘፈን! ዘፈን ግቡ!"

ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለች ክፍል ጠሯቸው። እንግዳው ጓድ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ለኮሱ።

"ማን አሸነፈ?" አሉ።

"ሰፊው ሕዝብ፣ ጓድ" አለ አምባዬ።

"እኔ ሌላ ነገር ነው ያየሁት።" ወደ ጉደታ ዞሩ። "አንተን ማን አዘዘህ?"

ጉደታ ስለ መርፌው ለመናገር አፉን ከፈተ። መርፌውን ካለ ዘርፉ ይመጣሉ፣ ዘርፉ ከመጡ ኮንትሮባንዱ ይመጣል፤ በዚያ ዘመን ያ ቀልድ አልነበረም። አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

"እግሬ ተንሸራተተ፣ ጓድ።"

"ተንሸራትቶ ሰው ከራሱ በላይ የሚያነሳ ዛሬ አየሁ።" ጢሱን አወጡ። ጉደታ የልቡ ድምፅ ለእሳቸው የሚሰማ መሰለው። "ነገ በዚሁ ሰዓት ይደገማል። ዛሬ ያየው ሕዝብ ሁሉ ይጠራል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚታገሉት፣ ሌላ ሰው አይደለም። ነገም ከተንሸራተትክ ግን የምንነጋገረው እዚህ አይሆንም።"

"ጓድ፣ የአብተው አጥንት..." አለ አምባዬ።

"ሰፊው ሕዝብ ሁለት ክንድ አለው።"

አብተውን ወጌሻ አሰረው፤ ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ነበር የተሰበረው። በማግስቱ ጠዋት ጉደታ ወዳለበት ገባ።

"እዚያው ቁም" አለው አብተው። "ጉዴ፣ አትቅረበኝ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ነገሩ ምንድን ነው? ሰክረህ ነበር? አንድ ዓመት ሙሉ አንጓህን ይዣለሁ፣ ትናንት ዓይንህን ሳየው አላወቅኩህም።"

ጉደታ ነገረው፣ ክኒኑንም መርፌውንም። አብተው ሲሰማ ቆይቶ፣ "ዛሬስ ወስደሃል?" አለ።

"አልወሰድኩም።"

"ማልልኝ።"

"በሆራ።"

"እንግዲህ ዳሌዬን መደገፍ የለም፣ መንካትም የለም፤ ከነካኸኝ እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ አለቀልን። ብቻህን ነው የምትወድቀው። ይቅርታውን ከወደቅክ በኋላ እሰጥሃለሁ።"

አዳራሹ ያን ቀን ከሰዓት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ለምን እንደተጠራ ሁሉም ያውቃል። አብተው የታሰረ ክንዱን ካኪ ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ወጣ። ጥፊውን አቀለለው፣ ባርኔጣው ወደቀ። በደህናው እጁ የጉደታን አንጓ ያዘ። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ። ጉደታ ምልክቱን ጠበቀ። አልመጣም። ሕዝቡ "ኩፊሲ! ኩፊሲ!" ማለት ጀመረ፣ እንግዳው ጓድ ያነባበሩትን እግር አወረዱ፣ ጣቶቹ አሁንም እንደያዙት ናቸው። አብተው በፍርሃት ደርቋል።

"ተጫነኝ" አለው ጉደታ በአፍንጫው። "አብተው፣ በእናትህ ተጫነኝ!"

አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነው። ጉደታ ዘለለ። የሚደገፍበት ስላልነበረ ከሚገባው በላይ ተገለበጠና ፍራሹን አልፎ ሲሚንቶው ላይ ወረደ። ሕዝቡ ሲያገሳ ሰማ። መተንፈስ ቢሞክር አየሩ አልገባ አለ። ልቡ አንዴ ይመታል፣ ይቆማል፣ ሦስቴ አከታትሎ ይመታል። የአብተው እግር ደረቱ ላይ አረፈ።

"ጉዴ" አለ አብተው ጡጫውን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፤ "ልብህ እግሬን እየረገጠኝ ነው። ተነስ።"

"አልችልም።"

"ተወው፣ ተኛ። እያጨበጨቡ ነው። እሳቸውም እያጨበጨቡ ነው።"

ናዝሬት እንደተመለሰ ጉደታ የቀረውን ክኒን ሻሼ ፊት ሽንት ቤት ውስጥ ደፋው። "ይሄ ማለት ስሜ ይመለሳል ማለት ነው" አላት። "አውቃለሁ" አለች። ለበዓሉ እንደምንም ወደቀላቸው፤ ከዚያ ሥጋው ሟሸሸ፣ ጫላ መጣ፣ በጥቅምት የቀበሌ ጠባቂው ወረቀት ይዞ በሩን አንኳኳ።

ለምርመራ የተሰለፈው ከሁለት መቶ ሰው ጋር ነው። ሐኪሙ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነበሩ። ግፊቱን ሲለኩ መቶ ዘጠና አለ። አጥብበው አሰሩና ደገሙት። ወረቀቱ ላይ "ለጊዜው ብቁ አይደለም፤ በሦስት ወር ይመለስ" ብለው ጻፉ። ሻሼ ወረቀቱን አይታ አለቀሰች፤ ከደስታ ነው። ዘርፉ ግን ቤት ድረስ መጥተው፣ "በዚህ ግፊት ሠላሳ ዓመት አትደፍንም። ጨው የሚባል ነገር አፍህ አይግባ" አሉት።

ሻሼ ጨው የሌለው ወጥ መሥራት ለመደች። ራሷም ያንኑ በላች። ጉደታ ማገገም ጀመረ፤ ዓይኑ ነጣ፣ ቁጣው ለቀቀው፣ በሩን ከፍ አድርጎ መሳብን አስታወሰ። እሷም ግድግዳውን ትታ በቤቱ መሃል መሄድ ጀመረች። በጥር ሲሰለፍ መቶ ስድሳ ሆነ። ሐኪሙ እንደገና "ለጊዜው" ብለው ጻፉና፣ "እየተሻለህ ነው" አሉት። ጉደታ ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቱ ተነግሮት አያውቅም። ለሻሼ የቱንም ሳይደብቅ ነገራት። በየሳምንቱ ዘርፉ ዘንድ ይለካል፤ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ቤት ገብቶ ለሻሼ ይነግራታል፣ እሷም እስከ ሚያዝያ የቀረውን ቀን ትቆጥራለች።

የሚያዝያው ቀጠሮ ጠዋት ሻሼ ቁርስ አቀረበችለት። ፍርፍር ነበር። ጉደታ አንዴ ጎረሰና ቆመ። ጨው። ስድስት ወር ያልቀመሰው ጨው፣ አፉን እስኪያቃጥለው ድረስ። ቀና ብሎ አያት። ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች።

"ጨርሰው" አለች ሳትዞር።

ጨረሰው።

ሐኪሙ ለኩት፣ ቁጥሩን አዩት፣ ከዚያ እሱን አዩት። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መንገዱን ሁሉ ውሃ ሳይቀምስ ነው የመጣው። ከኋላው ያለው ሰልፍ እስከ ግቢው በር ይደርሳል፣ ጎናቸው ደግሞ ዝርዝሩን የያዘ ጠባቂ ቆሟል።

"ጨው ትበላለህ?"

"አልበላም፣ ዶክተር።"

"ሚስት አለህ?"

"አለችኝ።"

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉ፣ ጠባቂውን በጎን አዩት። ከዚያ ጻፉና ማኅተሙን ረገጡበት።

"በሦስት ወር ተመለስ" አሉት። "ቀጣይ!"